የአባትህ ዋንዛ

ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 12

ይድረስ ለወንድሜ፣

ድሮ ደብዳቤ ስንጻጻፍ ግማሹን ገጽ በሰላምታ እንደምንጨርሰው ታስታውሳለህ? «ካንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ» ምናምን። ዛሬ እሱን ልዝለለው። አራት ዓመት ሙሉ ስልክህን ያላነሣ ሰው ናፈቅኸኝ ብሎ ቢጀምር አያምርበትም። በኔትወርክ ማሳበብ እችል ነበር። በመንገዱም እንደዚያው፤ እዚህ አገር ሰበብ አይጠፋም። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ የጠፋሁት በጠረጴዛው ምክንያት ነው።

ጠረጴዛው ተሰንጥቋል።

ከግቢያችሁ የወደቀውን ዋንዛ አስሰንጥቀህ ስድስት ጣውላ በአይሱዙ ስትልክልኝ «አባቴ የተከለው ነው፣ ለእናቴ ጠረጴዛ አድርግላት» ያልኸኝን አልረሳሁም። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ዳዊት ሲደግሙ እኔም አውቃቸዋለሁ። ፍሬውን ለቅመን በልተናል። በሙጫው የተቀደደ ደብተር ለጥፈናል። ታዲያ እኔ ቸኮልሁ። ግንቦት ከግንዱ የተሰነጠቀውን ጣውላ ነሐሴ ላይ ጠረጴዛ አደረግሁት። አራቱን ጣውላ በኮላ አጣብቄ፣ ከሥር ወርዱን የሚሻገር ሁለት አግዳሚ እንጨት በኮላም በምስማርም ጠፍሬ ያዝሁት። ቫርኒሽ ሲቀባ እንዴት እንዳማረ! ለእንቁጣጣሽ ፎቶውን የላክሁልህ ያኔ ነው። «መኪና እስካገኝ ይቆይ» አልሁህ። የካቲት ላይ አንድ ሌሊት ሳሎን ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ሰማን። ባለቤቴ ሌባ መሰላት። ጠዋት ሳየው መሐሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ትንሿ ጣቴ ትገባበታለች። አንተ በዚያው ሳምንት ደወልህ። አላነሣሁም። በማግስቱም አላነሣሁም። ከዚያ በኋላማ አለማንሣቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነና ይኸው።

አሁን ምን ተገኘ ትለኝ ይሆናል። መጋቢት ላይ ባሕር ዳር የእንጨት ሥራ ማሳያ ባዛር አለ ብሎ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገረኝ። መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ሳምንት ነበር፤ ቅዳሜ በሌሊት ተነሣሁ። በቦርሳዬ ውስጥ ምን እንደያዝሁ ለማንም አልነገርሁም። ከተሰነጠቀው ጠረጴዛ ጫፍ የቆረጥኋት አንዲት ቁራጭ ናት። ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ሰው ሆኜልሃለሁ።

ቡሬን አልፈን ኮሶበር ስንደርስ ብርዱ ያው እንደምታውቀው ነው። ከዚያ እስከ አዲስ ቅዳም ግራና ቀኙ ደከረንስ የሚሉት ዛፍ ነው። ዱሮ ገብስ የምናየው ማሳ ሁሉ ዛፍ ሆኗል፤ ከሥሩ የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ የአዊን ገበሬ ኑሮ እንዲህ ይቀይራል ብሎ ማን አሰበ? ዳንግላ ላይ መኪናው ለቁርስ ቆመ። ወደ ሠፈራችሁ ላለማየት ፊቴን አዙሬ ተቀመጥሁ። ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ ግን አወቀችኝ። እናትህ አንተ ጋ ሐዋሳ እንደሄዱ የነገረችኝ እሷ ናት። ሻዩ አልወረደልኝም።

ባዛሩ ሰው በሰው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ማሽን፣ ግቢው ውስጥ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችና የማኅበራት ዕቃ። ሲኤንሲ የሚሉት በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ኤምዲኤፍ ላይ፣ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ በሚሠራው ሰሌዳ ላይ፣ የላሊበላ መስቀል ሲቀርጽ ሰው ከቦ በሞባይል ይቀርጻል። እኔም ትንሽ ቆሜ አየሁ፤ ያምራል። ግን አቧራው እንጨት እንጨት አይሸትም።

አንድ የሚሰነጥቅም፣ የሚልግም፣ የሚበሳም ማሽን አጠገብ ስቆም ሻጩ ልጅ መጣ።

«ድርጅትዎ የት ነው?» አለኝ።

«በረንዳዬ ላይ።»

«ምን ያመርታሉ?»

«በርጩማ።»

«በወር ስንት?»

«በዓመት ሁለት። አንዱ ይወላገዳል።»

ሳቀ፤ ካርዱን ግን አልሰጠኝም። ዋጋውን ስሰማ የስምንት ወር ደመወዜ ሆኖ አገኘሁት። ለነገሩ እውነቱን ነው። እኛ አገር መጋዝ የያዘ ሰው አናጢ ነው፣ አናጢ ደግሞ ይሸጣል። መምህር ሆኖ ቅዳሜና እሑድ ጣውላ የሚልግ ሰው ግራ ያጋባል። ጎረቤቶቼ ደመወዝ አልበቃው ብሎ ነው ይላሉ። ሲያምረኝ ነው ብላቸው የባሰ ያዝኑልኛል።

ተማሪዎቹ ያቀረቡት ዕቃ ጋ ግን ብዙ ቆየሁ። ከዋንዛ የተቦረቦረ ከበሮ ነበር፣ በገናም አለ። አንዲት ልጅ የሁለት ጣውላ ጥርስ ያለምንም ምስማር እርስ በርሱ ስታቆላልፍ አየኋት። ጥርሱ ጫፉ ላይ ሰፋ ስለሚል ወደ ኋላ አይወጣም። አሠልጣኙ ዶቭቴይል ነው አለኝ። እጇ አይንቀጠቀጥም። እኔ ይህን ስሞክር ስንት ጣውላ እንዳበላሸሁ አልነገርኋትም።

የሄድሁበትን ነገር ያገኘሁት ግን ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጥግ ላይ ነው። ከሞጣ የመጡ አንድ ሽማግሌ አናጢ መላጊያና መሮ ይዘው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንድ የወይራ ቁራጭ አለ፤ ሰው ሲመጣ አንዴ ላግ ያደርጉታል። ልጣጩ ከመሳሳቱ የተነሣ ከሥሩ ያለው ጋዜጣ ይነበባል። ሰው እስኪያልፍ ጠበቅሁና ቁራጬን አወጣሁ።

አገላብጠው አዩት። የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«መቼ ሠራኸው?»

«ነሐሴ፣ አባባ።»

«መቼ ፈነዳ?»

«የካቲት።»

ገና ሳልጨርስ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ክፋት የለበትም። «ልጄ፣ እንጨት በወርዱ ይተነፍሳል፣ በቁመቱ አይተነፍስም። አንተ ደግሞ ወርዱን በምስማር ጠፍረህ ያዝኸው። የት ይሂድ?» አሉኝ።

እዚያው ቆሜ አፈርሁ። አንተ ሰው፣ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ! የባቡር ሐዲድ መሐል ክፍተት የሚተወው ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ነው እያልሁ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። እንጨትን የሚያንቀሳቅሰው ሙቀቱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። አሠልጣኙ በኋላ እንዳስረዳኝ ጣውላ ሲደርቅ በቁመቱ የሚያጥረው እዚህ ግባ አይባልም። በወርዱ ግን እርጥቡ ከመቶ አምስት እጅ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይሰበሰባል። የእኛ ጠረጴዛ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ነበር። አስላው። እስከ አራት ሳንቲ ሜትር መሰብሰብ ፈልጎ እኔ በአግዳሚ ከልክዬዋለሁ። ከደረቀም በኋላ ቢሆን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰበሰባል። ስለዚህ አግዳሚው ኮላ አይነካውም፤ በብሎን ይያዛል፣ የብሎኑ ቀዳዳም ወደ ጎን ረዘም ተደርጎ ይበሳል። እንዲህ ቀላል ነው! መድረቁስ ብትል፣ ጥላ ሥር በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ይደረደራል፤ ለአንድ ኢንች ውፍረት በግምት አንድ ዓመት። እኔ ሦስት ወር ነው የሰጠሁት።

አሠልጣኙ ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ነበረው። ቁራጬ ላይ ሲሰካው ከመቶ 11 አለ። «አሁን ደርቋል፣ አሁን መሥራት ትችላለህ» አለኝ። መደበቄ የጠቀመው እንጨቱን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሌላም ነገር ነገሩኝ። ጠረጴዛው አልሞተም አሉ። አግዳሚውን ልቀቀው፣ ስንጥቁን ተከትለህ ቅደደው፣ ሁለቱን ጠርዝ ላገውና መልሰህ አጣብቀው። ጠበብ ይላል እንጂ ያው ጠረጴዛ ነው። ከስድስቱ ጣውላ ያልነካኋቸው ሁለቱ ደግሞ አሉ፤ አምስት ዓመት ዕቃ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆይተዋል። አንዱ ትንሽ ጠምዘዝ ብሏል፣ ሌላው እንደ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ነው። አግዳሚውን ከእነሱ አወጣለሁ። ሌላ እንጨት እንዳይገባበት ብዬ ነው።

ከባዛሩ የገዛሁት አንድ መላጊያና ጣውላ አጣብቆ የሚይዝ ሁለት ሞርሳ ብቻ ነው። ስመለስ ባለቤቴ አየችውና «ደግሞ ጀመረህ?» አለችኝ። በረንዳው እንደ ድሮው ሰጋቱራ ብቻ ነው።

ባለፈው እሑድ አግዳሚዎቹን ነቀልሁ። ምስማሩ እምቢ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሌላውን ግን ሳልነግርህ አልነካውም። እንጨቱ የአባትህ ነው። ልቆጣ ካልህም ተቆጣ፤ ዘንድሮ ስልኬን አነሣለሁ።

እሺ ካልኸኝ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ቁመቱን ግን እንደገና ላስተካክለው እፈልጋለሁ፤ ያኔ በግምት ነው የሠራሁት፣ ለእናትህ ሳይረዝምባቸው አልቀረም። አሁን የሚቀመጡበት ወንበር መቀመጫው ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ለክተህ ላክልኝ። በስንዝር እንዳትለካ፣ በሜትር።

ወንድምህ