ስደውል ኖሬ ሳልደውልልህ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ ከትከሻዬ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። እማማ ሲያርፉ እንኳ አልደወልኩልህም። መርዶውን የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። አፈርኩ። እፍረት ደግሞ ሲቆይ ይብሳል። ምክንያት አልደረድርልህም። የሚገርመው ግን ያን ሁሉ ጊዜ ስደውል ነው የኖርኩት። ስልክ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል።

አትሳቅ፣ የምሬን ነው። ስለ ሥራዬም ስለ ልጆቼም ጽፌልህ አውቃለሁ፤ ይሄን ግን አንድም ቀን አላነሳሁልህም። «ፈረንጅ ሆነ» እንዳትለኝ ፈርቼ ይመስለኛል።

ነገሩ በ1986 ጀመረ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። እንግሊዝ አገር፣ ሌስተርሻየር ውስጥ አንዲት መንደር ቤት ተከራይቼ ነበር። ረቡዕ ማታ ደወል ይደወላል። ቅዳሴ የለ፣ በዓል የለ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይደወላል። ሰው ሞቶ ይሆን ብዬ ወጣሁ። የደወል ቤቱ በር ክፍት ነው። ጠመዝማዛውን የድንጋይ ደረጃ ስጨርስ ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገመድ ይዘው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ዞር ሳይሉ «በሩን ዝጋና ተቀመጥ፤ ገመድ እንዳትነካ» አሉኝ። ሲጨርሱ «መማር ትፈልጋለህ?» አሉ። ከየት መጣህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ያኔ ይሄን ጥያቄ በቀን አምስት ጊዜ እጠየቅ ስለነበር በዚያው ቀረሁ።

የእንግሊዞች ደወል እንደኛው አይደለም። ደወሉ ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ላይ ታስሯል። ከመጀመርህ በፊት አፉን ወደ ላይ አድርገህ ታቆመዋለህ። ገመዱን ስትስብ ሙሉ ክብ ዞሮ ይመለስና አንዴ ይመታል። እንደገና ስትስብ በመጣበት ይዞራል፣ አንዴ ይመታል። ግማሽ ቶን ነሐስ ነው፣ ግን ጉልበት አይጠይቅም። ትንሽ ዘግይተህ ብትስብ ትንሽ ዘግይቶ ይመታል። ጨዋታው በሙሉ እዚያች ትንሽ ላይ ነው። ደወሎቹን ደግሞ «እሷ» ነው የሚሏቸው። ድምፀ ቀጭኗ ደወል ልትነሳ ስትል ያዧ «ልትሄድ ነው... ሄደች» ይላል።

ደወሉ ልኩን አልፎ እንዳይገለበጥ የሚያግደው አንድ እንጨት አለ፤ ስቴይ ይሉታል። መማር በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ከመጠን በላይ ሳብኩና ሰበርኩት። ገመዱ ወደ ጣሪያ ተተኮሰ። እኔ አልለቅ አልኩ! እግሬ ከወለል ሲነሳ ሽማግሌው «ልቀቅ!» ብለው ጮሁ። ለቀቅኩና በመቀመጫዬ ዱብ አልኩ። ሌላው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን «እንጨቱ የተሠራው እንዲሰበር ነው፤ ባይሰበር ደወሉ ይጎዳ ነበር» አሉኝ። በማግሥቱ አዲሱን እንጨት አብረን ቆረጥን።

ዜማ አይደለም የሚደውሉት፤ ቁጥር ነው። ስድስት ደወል ካለህ ቅደም ተከተላቸውን 720 ጊዜ ሳትደግም ልትለዋውጥ ትችላለህ። በሰባት 5,040፣ በስምንት 40,320፣ በአሥራ ሁለት ከ479 ሚሊዮን በላይ። ከባዱን ደወል በአንድ ጊዜ ብዙ ማፍጠንም ማዘግየትም ስለማይቻል፣ እያንዳንዱ በየዙሩ ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ይቀያየራል ወይ ባለበት ይቆያል። ፊትህ የተጻፈ ነገር የለም። የኛ ደብተራዎች ዜማውን በቃላቸው እንደሚይዙት መንገድህን በቃልህ ትይዛለህ። ፋቢያን ስቴድማን የሚባል አታሚ ይህን ስሌት በ1677 በመጽሐፍ አውጥቶታል፤ በስሙ የሚጠራውን አደዋወል ዛሬም እንደውለዋለን። እኔን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

5,000 ለውጥና ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ ሲደወል ፒል ይባላል። ሦስት ሰዓት ገደማ ቆመህ ነው፤ ሽንት ቤት የለም። ከኛ ብዙ በማይርቀው በላፍብራ ግን በ1963 ስምንት ሰዎች 40,320ውን ሁሉ ደውለው ጨርሰዋል። 17 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ሰው አልተቀየረም። ጀግንነት ይሁን እብደት እስካሁን አልወሰንኩም።

ከልምምድ በኋላ መጠጥ ቤት መሄድ የሥርዓቱ አካል ነው። ረቡዕ ስለሆነ እኔ ጾመኛ ነኝ። የተጠበሰ ድንች ብቻ እበላለሁ። ሽማግሌው ከጊዜ በኋላ ጾሙን ከኔ የበለጠ ይቆጥሩልኝ ጀመር። «ዛሬ በዓለ ሃምሳ አይደለም እንዴ? ሥጋ እዘዝ» ይሉኛል። እሑድ ጠዋት እዚህ ደውዬ ወደኛ ቤተ ክርስቲያን ስበር ቅዳሴው ተጋምሶ ይጠብቀኛል። ቄሱ ተስፋ ቆርጠውብኛል።

እኚህ ሰው በልጅነታቸው የጦርነቱን ጊዜ አይተዋል። ከ1940 ሰኔ ጀምሮ ደወል ተከልክሎ ነበር፤ ከተደወለ ጀርመኖች በአየር ወረዱ ማለት ነው። በ1942 ኅዳር፣ እንግሊዞች ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ ስላገኙት ድል ተብሎ ሲደወል እናታቸው ወጥ ቤት ቆመው ሲያለቅሱ አይተዋል። ይህችን ታሪክ ሃምሳ ጊዜ ነግረውኛል። አልሰለቸችኝም።

ባለፈው መስከረም አረፉ። ለቀብር ሲሆን የደወሉ ምላስ በአንድ በኩል በቆዳ ይሸፈናል። አንዱ ምት ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቀጣዩ ከተራራ ማዶ እንደሚመለስ ድምፅ ይሆናል። ጥርት፣ ድፍን። ጥርት፣ ድፍን። አንድ ሰዓት ያህል ደወልንላቸው። እዚያ ገመዱን ይዤ ሳለሁ ነው እማማ ትዝ ያሉኝ። ለእኚህ ፈረንጅ ይህን ሁሉ ስደውል፣ ቂጣ አጉርሰው ላሳደጉኝ እናት አንዲት ስልክ አልደወልኩም። ሁለት ለውጥ ሳትኩ። ሁሉም ለሽማግሌው አዝኜ መሰላቸው፤ ዝም አልኩ።

ትከሻዬን ሐኪሙ ካየው ወዲህ ትልቁን አልነካም። ጀማሪዎች አስተምራለሁ። አሁን «ልቀቅ!» የምለው እኔ ነኝ።

ቁጥርህ ካልተቀየረ እሑድ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። ብትቆጣ አንሳና ተቆጣ። አንድ ነገርም አጣራልኝ። ትምህርት ቤታችን ደጃፍ እንደ ደወል ተሰቅሎ የነበረው የመኪና ቸርኬ አሁንም አለ? ያለ ሰዓቱ ደውዬው በኔ ፈንታ የተገረፍክበት።