ሽንኩርት የሌለው ድስት

ጅማ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብዳቤ እንዲህ እንደሚጀመር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ «መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ጤና፣ ጉዳይ በመጨረሻ»። የዛሬው ጉዳይ የውሻችን የሻምበል ነው። በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ድምፅህ ይቆራረጣል» ብለው ስልኩን ለእታለም ሰጧት። ድምፄ አይቆራረጥም፣ አባባ፤ እሷ አጥርታ ትሰማኛለች። ስለዚህ ሰሞኑን ወደ አዲስ አበባ ለሚነሣው ለጎረቤታችን ልጅ በወረቀት እሰጠዋለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ወረቀት ለሌላ ሰው አያቀብሉም።

ሻምበል አልሞተም። ይህን የማስቀድመው ገጹን ገልብጠው መጨረሻውን እንደሚፈልጉ ስለማውቅ ነው።

ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ባለቤቴ ዶሮ ሠራች። እኔም እርስዎ እንደሚያደርጉት የድስቱን ጥራጊ ከነቁሌቱ በእንጀራ ፈትፍቼ ሰጠሁት፤ በማግስቱም የተረፈውን ጨመርኩለት። ማታ ደውለው ከልጄም ከእኔም በፊት «ለሻምበል ከወጡ ደረሰው?» ብለው እንደጠየቁኝ ያስታውሱ ይሆናል። ደርሶታል። በሦስተኛው ቀን ከጓሮ፣ ከቡናው ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ስጠራው ጅራቱን ብቻ ወዘወዘ። ሽንቱ አቦል ቡና መስሏል። ከንፈሩን ገልጬ ድዱን ባየው የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ይመስል ነበር።

ባጃጅ ለመንኩ። ባለ ባጃጁ «ውሻ አልጭንም» ብሎ በእጥፍ ጫነን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደሙን ወስዳ ካየች በኋላ ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። «እኛ የምንበላውን» አልኳት፤ በኩራት ነው ያልኳት። «ሽንኩርትም?» አለች።

ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት ሁሉም ለውሻ መርዝ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ነገር ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሰዋል፤ ቢቀቀልም ቢቁላላም አይጠፋም። እኛ ደግሞ ወጥ የምንለው ሽንኩርት አይደለም? ቁጥር ስለሚወዱ ቁጥሩን ልንገርዎ። ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል። ሻምበል ሚዛን ላይ ሲወጣ 18 ኪሎ ነበር፤ በትንሹ 270 ግራም ማለት ነው። ለዚያ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ተከትፏል፤ ድስቱን ማን እንደጠረገው ነግሬዎታለሁ። በትንሽ በትንሹ እየደጋገመ ቢበላም ጉዳቱ ያው ነው።

«አሥር ዓመት በልቶ ምን ሆነ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔም በእርስዎ ድምፅ ብያታለሁ። «በአሥር ዓመት ውስጥ ደሙን አንድ ቀን አሳይታችሁታል?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

እናም ወጥ ቀረ። ሐኪሟ ከውጭ የሚመጣ ደረቅ የውሻ ምግብ እንዳለ ነግራኝ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ ከሻምበል ይልቅ እኔ ገረጣሁ። ቤት ውስጥ ለብቻው እናበስልለታለን አልኳት። «ማብሰሉ ቀላል ነው፣ ማመጣጠኑ ነው የሚከብደው» ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። በቀን 250 ግራም ስቡ የወጣለት የተቀቀለ ሥጋ፣ ያንኑ ያህል የበሰለ ሩዝ፣ አንድ እፍኝ ካሮትና ዱባ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ጉበት ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ ሲበዛ የቫይታሚን ኤ ክምችቱ ይጎዳዋል። አጥንት ፈጽሞ የለም፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እርስዎ ደግሞ ቅልጥሙን ከመጠጡ በኋላ የማንን ስም እንደሚጠሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ከሁሉ የገረመኝ የእንቁላል ቅርፊቱ ነው። ሥጋ ፎስፈረስ ይበዛበታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ለማለት ይቻላል። ውሻው ሥጋና ሩዝ ብቻ እየበላ ከከረመ ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። (ፎስፈረስ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእርስዎ የኩላሊት ሐኪም አፍ ነው። ያኔ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ አንድም ነገር አልገባኝም ነበር።) ስለዚህ ልጄ ቅርፊቱን ታጥባለች፣ በምጣድ ታደርቃለች፣ በእናቴ የቡና ሙቀጫ ትወቅጣለች፣ በሻይ ማጥለያ ትነፋለች። ዱቄቱ እንደ ኖራ ሲነጣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ትሰፍራለች፤ ለአንድ ቀን እሱ ይበቃዋል። የሙቀጫው ነገር እንደሚያስቆጣዎት አውቃለሁ። በፈላ ውኃ አጥበነዋል። ከዚህ ሌላ ሐኪሟ ያዘዘችው የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት አለ፤ ዚንኩና አዮዲኑ ከድስት አይገኝም ብላለች።

አሁን ደግሞ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ፍልሰታ ሲገባ የእኛ ሥጋ ቤቶች ዘጉ። እኔም ሄርማታ ገበያ ሄጄ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዛሁለት። ባለ ሥጋ ቤቱ «ለማን ነው?» ብሎ እየሳቀ ሽርፍራፊውን ጨመረልኝ። ጎረቤታችን ግን በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «በእመቤታችን ጾም ከዚህ ቤት የሥጋ ሽታ! እናትህ ብትኖር!» አለችኝ። እናቴ ብትኖር ምን እንደምትል እሷም እኔም አናውቅም። የማበስለው እጀታው በተሰበረው በድሮው ድስት፣ ከቤት ውጭ፣ በከሰል ነው፤ በሌሎቹ ዕቃዎች አልነካካሁትም። ያቺው ጎረቤታችን ግን ሐምሌ ላይ የበግ ሳንባ ልካልን ነበር። ውኃ የቋጠረ እባጭ አየሁበትና ቀበርኩት። ያንን በጥሬው የበላ ውሻ ትል ይይዛል፤ እንቁላሉ ከውሻው ወደ ሰው አልፎ ጉበትና ሳንባ ላይ ይህንኑ እባጭ ያበቅላል አሉኝ። ለመስቀል በግ ሲታረድ ሳንባውን በጥሬው የምንወረውርለትን አስቤ እስከ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ አፍንጫውን ትስመዋለች።

ይህን ሁሉ ለፍቼ ሻምበል አልበላም አለ። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ጨው የለው፣ በርበሬ የለው፣ ቅቤ የለው። ምግብ በአንድ ጊዜ ቢለወጥበት ሆዱም ይቃወማል ስለተባልኩ ደረቅ እንጀራ በሥጋ መረቅ እያራስኩ፣ አዲሱን ሦስት ቀን ሩብ፣ ሦስት ቀን ግማሽ እያደረግኩ ጨመርኩለት። በደብተር ያዝኩት፤ ቀን፣ ግራም፣ የበላው፣ የተወው። መልኮ፣ ከቡና ምርምሩ ጣቢያ እያሉ ይይዙት የነበረውን ደብተር አስታውሰው ይሆናል። ሩቡንም ግማሹንም ተወው። ክብደቱ 16 ኪሎ ከ400 ገባ።

በስድስተኛው ቀን ደክሞኝ በረንዳው ላይ በበርጩማዎ ተቀመጥኩና እራቴን እዚያው መብላት ጀመርኩ። ሻምበል መጥቶ አገጩን ጉልበቴ ላይ አኖረ። ያኔ ገባኝ። የለመደው ሳህን ሳይሆን እየበላ ያለ ሰው እጅ ነው። ከእሱ ድስት በእጄ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በላ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ለሁለት ቀን አቁሜው ነበር።

አባባ፣ ሐኪሟ «ከእጁ የሚያበላው ማነው?» ብላ ጠይቃኝ «አባቴ» ስል ድምፄ ልክ አልነበረም። በ1990 ማትሪክ ወድቄ አንድ ነጥብ ስድስት ያመጣሁ ዕለት ለእናቴ «ለእሱ በሳህን ስጪው» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም፤ አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። እናንተ በመሶቡ ዙሪያ፣ እኔ ማድ ቤት በሳህን። ከመስከረም 13 እስከ ጥምቀት፣ 118 ቀን። እርስዎ መልኮ ከየቅርንጫፉ የታመመውንና ጤነኛውን የቡና ፍሬ ይቆጥሩ ነበር፣ እኔ ቀን እቆጥር ነበር። የማድ ቤቱ በር በረንዳውን ያሳያል። ሁልጊዜ ማታ የመጨረሻዋን ጉርሻ ጠቅልለው፣ ወጡን አብዝተው፣ ለቡቺ ያጎርሱት ነበር። «እንካ ልጄ» እያሉ።

ለጥምቀት እንግዳ መጣ፤ እናቴ ሆን ብላ ሳህኖቹን ደበቀች መሰለኝ፣ «ቅረብ» አሉኝ። ቀረብኩ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር በዚህ ቤት ተወርቶ አያውቅም። እኔም አሁን መልስ ፈልጌ አይደለም። ወይም ፈልጌ ይሆናል። ሻምበልን በእጄ ሳበላው ጉርሻው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ገረመኝ፤ እጅ ሁለት ጋት እንኳ አይዘረጋም።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል አልፋለች፤ ከክፍሏ አራተኛ ወጣች። ሒሳብ ትወዳለች። አንድ ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውራዋለች። በነገራችን ላይ ጣሪያው በማድ ቤቱ በኩል ያፈስሳል፤ ሁለት ቆርቆሮ እቀይራለሁ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል። የጓሮው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ ሦስቱም እግር ፍሬ ይዘዋል፤ አንድም ጥቁር ነጠብጣብ አላየሁባቸውም። «ሰባ አራቱ የፈረንጆች 1974 ነው፣ የተመረጠበት ዓመት» ብዬ ለልጄ ነገርኳት። «አያቴ ነው የመረጠው?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ውሸቴን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አያርሟት።

አቮካዶ ላክልኝ ብለው ነበር። አልላክሁም። ዛፉ ጎንበስ እስኪል አፍርቷል፤ ለእርስዎ ግን ፖታሲየሙ አይሆንም ብላ እታለም ከልክላኛለች። ሙዝም ያው ነው። ክፉ አይበሉን።

እታለም ሌላም ነገር ነግራኛለች። ከኮትዎ ኪስ በመሐረብ የተቋጠረ ጨው አግኝታለች። እየሳቀች ጀመረችና ሳትስቅ ጨረሰች። ሳህኑን ነካ አድርገው እንደሚገፉ፣ ልጆቹ ፊት «በላሁ» እንደሚሉ ነገረችኝ። ሻምበልም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ እሱ ግን በላሁ አይልም። እኔ የሻምበልን ድስት ቀምሼዋለሁ፣ አባባ። ዱባው ትንሽ ይጣፍጣል፤ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ምላስ ይለምደዋል። እንዲያው የሚበላ ነው እልዎታለሁ። እታለም ዘንድ የሚያጎርስዎት ሰው አለ? ብቻዎን በሳህን ነው የሚያቀርቡልዎት? ይህን እሷን መጠየቅ ፈራሁ።

ባለፈው «ለቡና ለቀማ ጅማ እገባለሁ» ብለው ስልኩን ያዙ፤ እኔ ስለ ጣሪያው ማውራት ጀመርኩ። ሰምቼዎት ነበር። የኩላሊት እጥበቱ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ቀኖቹን ቆጥሬ ከለቀማው ጋር ለማስማማት ሞክሬ ነበር። እታለም ሐኪሞቹ ስለ መንገዱ ያሏትን ነግራኛለች፤ እርስዎም እንዳትነግረኝ ነግረዋት ነበር መሰለኝ። ቡናው ሲቀላ ከለቀማው በፊት አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ፍሬውን ይቆጥሩታል።

የጤና መድኅን ደብተርዎን ከቁም ሣጥኑ፣ ከእናቴ ነጠላ ሥር አግኝቼዋለሁ፤ ከዚህ ወረቀት ጋር በፖስታው ውስጥ አለ። እታለም እንዳትጥለው ይንገሯት።

ሻምበል ትናንት ሲመዘን 17 ኪሎ ከ100 ሆኗል። ድዱ ሮዝ እየሆነ ነው። አሁን ድስቱን ከነሩዙ ይጨርሳል፤ በእጅ ብቻ ነው እንጂ። እርስዎ ከእጥበቱ በፊትና በኋላ እንደሚመዘኑ አውቃለሁ። እታለም ቁጥሩን አልነግርህም ብላኛለች። ወረቀቱ በጀርባው ባዶ ነው፤ ሁለቱንም ቁጥር በእጅዎ ጽፈው በመጣው ልጅ ይላኩልኝ። ቅዳሜ ይመለሳል።

ልጅዎ