ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ ላልከኝ

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንደምን ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጉልበቴን ከማመሙ በቀር። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን ብዬ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት፤ ለአንተ ምክንያት መደርደርም አያስፈልገኝም። የመጨረሻው ደብዳቤህ ግን ከጠረጴዛዬ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። «ያለህበት ከተማ በባሪያ ንግድ የከበረ ነው ይባላል። ስለ አትላንቲክ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ ሲሉኝ ግን መልስ አጣለሁ» ብለህ ነበር። እንግዲህ የደረስኩበትን ልንገርህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ያለሁባት የፈረንሳይዋ ወደብ ናንት ላይ ላዩን ስትታይ ጭምት ከተማ ናት፤ ዝናብ፣ ትራም፣ የሏር ወንዝ። ፌይዶ የሚባል ሰፈር አለ። ድሮ በወንዙ መካከል የነበረ ደሴት ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዙሪያውን ውኃ ደፍነው መንገድ አደረጉት። ቤቶቹን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለመርከቦች በአሸዋ ላይ ስላቆሟቸው አንዳንዶቹ ዛሬ ዘመም ብለዋል። ቀና ብለህ ብታይ ከየመስኮቱ በላይ በድንጋይ የተቀረጸ ፊት አለ፤ የባሕር አምላክ፣ ጺማም ሽማግሌ፣ በመካከሉም የአፍሪካ ሰው ፊት። ባለቤቱ ሀብቱ ከየት እንደመጣ ለመደበቅ አልሞከረም፤ ከበሩ በላይ አስቀርጾታል። ፈረንሳይ ካሰማራቻቸው የባሪያ ንግድ ጉዞዎች ከአሥሩ አራቱ ያህል የተነሡት ከዚህ ወደብ ነው።

አንድ መርከብ ለዚህ ጉዞ ማሰናዳት ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ አንድ ሰው ብቻውን አይደፍረውም ነበር። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ ድርሻ ይገዛል፤ ዕቁብ እንደጣለ ሰውም ተራው እስኪደርሰው ይጠብቃል። መርከቡ ኢንሹራንስ ይገባለታል። አናጢው፣ ገመድ ሠሪው፣ በርሜል ሠሪው፣ ለመርከበኞች ደረቅ ዳቦ የሚጋግረው ሁሉ እንጀራው ከዚያው ነው። በአፍሪካ ጠረፍ በሰው የሚለወጠው፣ የሕንድን ጥለት አስመስሎ የታተመው የጥጥ ጨርቅ እዚሁ ናንት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ጠመንጃ፣ ብራንዲ፣ ብረትና ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎል ይታከልበታል። ትርፉ ደግሞ እንደሚወራው ሁልጊዜ ጉድ የሚያሰኝ አልነበረም። አንዱ መርከብ ሲያከብር ሌላው ያከስራል፤ በካሪቢያን ደሴቶች ያሉት የስኳር እርሻ ጌቶችም የገዟቸውን ሰዎች ዋጋ በስኳርና በቡና እየቆራረጡ ለዓመታት ያጓትቱት ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸው ተራነቱ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ቅዳሜ ሒሳቡን ዘግቶ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ነው።

በመሳፍንቱ ግንብ ውስጥ ባለው የከተማዋ ታሪክ ሙዚየም ማሪ ሴራፊክ የተባለች የናንት መርከብ ሥዕሎች አሉ። አንደኛው እርሷን እንደ ቤት ፕላን ከፋፍሎ ያሳያል። ከታች የውኃና የስንቅ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ከዚያ በላይ፣ በሁለቱ ወለሎች መካከል፣ በመካከለኛው አፍሪካ ምዕራብ፣ በሎዋንጎ ጠረፍ የተጫኑ 307 ሰዎች ራስና እግር እየሆኑ ተጋድመዋል። በርሜሉም ሰውም የተሣለው በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው ሥዕል የከፋ ነው። መርከቧ በሳን ዶሜንግ፣ ዛሬ ሃይቲ በምንላት አገር፣ ካፕ ፍራንሴ ወደብ ቆማ ሽያጩ የተከፈተበትን ቀን ያሳያል። ከፊተኛው ወገን ለሽያጭ የቀረቡት ሰዎች አሉ፤ ከኋላው ወገን ገዢዎቹ ከነሴቶቻቸው፣ አጊጠው፣ ጨርቅ ተነጥፎላቸው ይመገባሉ። ሠዓሊው ምንም አላጋነነም፤ ለመርከቡ ሰዎች መታሰቢያ እንዲሆን የተሣለ ይመስላል። ከዚያ ሥዕል ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ፤ ዓይኔ ደጋግሞ የሚሄደው ወደ ምግቡ ነበር።

«የሸጡትስ እነማን ናቸው?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ የጥንት ክርክራችን ነው። አዎ፣ በጠረፉ ላይ የሸጡ ነገሥታትና ነጋዴዎች ነበሩ፤ ያለ እነርሱ መርከቦቹ አይሞሉም ነበር። የእኛም ደጃፍ ንጹሕ አይደለም። በቀይ ባሕር ማዶ የተሸጡት የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው፤ ባርነትን በሕግ ቆርጠን ያስወገድነውም በ1942 ነው። ነገር ግን ጥያቄህ የገንዘቡ መንገድ ስለሆነ እርሱን እንከተል። በአትላንቲክ ከተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉት በባሕር ላይ ሞተዋል። ከተረፉት ብዙዎቹ የገቡት ወደ ስኳር ነው። ሳን ዶሜንግ በ1789 ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ባሪያዎች ነበሩባት፤ ፈረንሳይ ካሏት ቅኝ ግዛቶችም እንደ እርሷ የሚያስገባ አልነበረም። ሕጉም የታወቀ ነው፤ በ1685 የወጣው የጥቁሮች ሕግ ባሪያን ከሚንቀሳቀስ ንብረት ይቆጥረዋል።

በ1791 እነዚያ ንብረቶች ተነሡ። የዓመፁን መሪ የቱሳን ሉቨርቱርን ታሪክ ከእኔ በላይ ስለምታውቀው አልደግመውም፤ በ1803 በፈረንሳይ ተራራ ላይ ባለ ምሽግ ታስሮ ሞተ፤ የጦር አዛዡ ዴሳሊን ግን የናፖሊዮንን ጦር አሸንፎ ጥር 1 ቀን 1804 ነፃነትን አወጀ። በመጽሐፎቻችን ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ገንዘቡ ግን አላበቃም።

በ1825 የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 10ኛ የጦር መርከቦች ላከ። የሃይቲን ነፃነት ዕውቅና እሰጣለሁ፣ እናንተ ደግሞ ንብረታቸውን ላጡት የእርሻ ጌቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ በአምስት ዓመት ትከፍላላችሁ አለ። ከንብረቱ ግምት ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩበት። አስበው፤ የተሸጠው ሰው የገዛ ራሱን ዋጋ ሲጠየቅ። ሃይቲ ለመጀመሪያው ክፍያ ገንዘብ ስላልነበራት ከፓሪስ ባንኮች 30 ሚሊዮን ተበደረች፤ አበዳሪዎቹ 6 ሚሊዮኑን ለራሳቸው አስቀርተው 24 ሚሊዮን ሰጧት። ዕዳው በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም ብድር ብድርን እየወለደ ጅራቱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ተጎተተ። ትምህርት ቤትና መንገድ ሊሠራበት ይችል የነበረው የቡና ቀረጥ በመርከብ ተጭኖ ወደዚህ መጣ።

እንግሊዞቹም በራሳቸው መንገድ እንዲያው አድርገዋል። በ1833 ባርነትን ሲሽሩ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ለባሪያ ባለቤቶች ከፈሉ፤ ነፃ ለወጣው ሰው ግን አንድ ሳንቲም እንኳ አልደረሰውም፤ ጭራሽ ለጥቂት ዓመታት ያለ ደመወዝ እንዲያገለግል ተደረገ። ለዚያ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። እንግዲህ ተማሪዎችህ ሲጠይቁህ የገባበት ይህ ነው በላቸው፤ መጀመሪያ ወደ ፌይዶ ቤቶች፣ ኋላም ባርነቱ ሲቀር እንደገና ወደ እነዚያው ሰዎች ኪስ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ይሁን። ቤኒቶ ሲልቬን የተባለ የሃይቲ ሰው ከዐድዋ ማግስት፣ በ1897፣ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ደርሷል። በ1935 ጣሊያን ሲወረን ደግሞ የሃይቲው መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በመንግሥታቱ ማኅበር ቆሞ፣ አንድ ቀን እኛም የሌላ ሰው ኢትዮጵያ ልንሆን እንችላለንና አንርሳ ብሎ አስጠንቅቋል። ዕዳ ያደቀቃት ትንሽ አገር ናት ይህን ያለችው።

ፈረንሳይ በ2001 የባሪያ ንግድን በሕግ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ብላዋለች። ናንትም በ2012 በወንዙ ዳር መታሰቢያ ሠርታ የመርከቦቹን ስም በመስታወት ላይ ጽፋ በእግረኛው መንገድ ላይ ተክላለች፤ ሰው ስሞቹን እየረገጠ ያልፋል። በ2025፣ ዕዳው የተጫነበት ሁለት መቶኛ ዓመት ሲደርስ፣ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የፈረንሳይና የሃይቲ የታሪክ ባለሙያዎች የሚያጠኑበት ኮሚሽን ይቋቋማል አሉ። ይጠና፣ አልጠላም። ነገር ግን ካሳውን የተቀበሉት ሰዎች ዝርዝር ከ1828 ጀምሮ በቅጽ በቅጽ ታትሞ ተቀምጧል፤ ሒሳቡ የጠፋበት ሰው የለም።

የማሪ ሴራፊክን ሥዕሎች በትልቁ አሳትሜያለሁ፤ ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስላለ በእርሱ እልክልሃለሁ። ለተማሪዎችህ ሁለተኛውን ቀድመህ አሳያቸው፤ ምን እንዳሉም ጻፍልኝ። ለእናትህ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ