አቦሸማኔም እኮ ፍሬን ይይዛል

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ስኬት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ያው የተለመደው ነው፤ ሲነጋ አንበሳም ሚዳቋም ይሮጣሉ፣ አንተም ተነስና ሩጥ። በየሥልጠናው፣ በየስብሰባው፣ በየቴሌግራሙ ሰምተን ሰልችቶናል። ለመሆኑ አንበሳ ሲነጋ ይሮጣል ያለው ማነው? አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ጥላ ሥር ተዘርሮ የሚያርፍ እንስሳ ነው። አደኑንም በአብዛኛው የሚወጣው በጨለማ ነው። እኛ ሥራ ቦታ እንደዚያ ብናደርግ በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰናል።

ከአራዊት እንማር ከተባለ እስቲ አካሄዳቸውን በደንብ እንየው። ፍጥነት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው አቦሸማኔ ነው አይደል? ተመራማሪዎች ቦትስዋና ውስጥ የዱር አቦሸማኔዎች አንገት ላይ መሣሪያ አስረው 367 ሩጫዎችን መዝግበዋል፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከሁሉም ፈጣኑ ሩጫ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ደርሷል። አብዛኛው አደን ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ፍጥነት ነው የተካሄደው። የአንዱ ሩጫ አማካይ ርዝመት 173 ሜትር ብቻ ነው። ከአራት ሩጫ ደግሞ ሦስቱ ባዶ እጅ!

ታዲያ ጉብዝናው የቱ ላይ ነው? ፍጥነቱን መቀነስ መቻሉ ላይ ነው። የሚታደነው እንስሳ ሊያዝ ሲል ድንገት ይታጠፋል። አቦሸማኔው በዚያ ፍጥነቱ አብሮ ልታጠፍ ቢል ተንከባልሎ ይቀራል። ስለዚህ ከመታጠፉ በፊት ቀዝቀዝ ይላል፣ እንደ ሌሎቹ የድመት ዘሮች ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ የማይሰበሰበውን ጥፍሩን መሬት ላይ ይተክላል፣ ረጅሙን ጭራውን ወደ ጎን ወርውሮ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ይስፈነጠራል። አልሆን ካለውም ይተወዋል። እልህ የሚባል ነገር የለም። ቁና ቁና እየተነፈሰ ቁጭ ይላል፣ ለሚቀጥለው ጉልበቱን ይሰበስባል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን መተው ነውር ነው። የማያዋጣ ንግድ፣ የማይሆን ትዳር፣ ያለቀለት ፕሮጀክት ይዘን «ተስፋ አትቁረጥ» እየተባልን እስክንወድቅ እንሮጣለን።

ዝሆን ደግሞ በፍጥነት ሲሄድ እንኳ አራቱም እግሩ አንድ ላይ ከመሬት አይነሳም። ሰነፍ ያለው ሰው ግን አልሰማሁም።

ስለ አለቆችም አንድ ነገር ልበል፣ ነገሩ ካልቀረ። ረጅም መንገድ ተሰልፈው የሚበሩ ወፎችን አይታችሁ ይሆናል። ከፊት ያለው ነው ነፋሱን የሚጋፈጠው፣ ከኋላ ያሉት ከእሱ ክንፍ በሚነሳው አየር ይታገዛሉ። ስለዚህ ይቀያየራሉ፤ የመራው ወደ ኋላ ይመጣል፣ ከኋላ የነበረው ይወጣል። መሪነት ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚቀር የለም፤ ሁልጊዜ ከኋላ ተደብቆ ልሂድ የሚልም የለም።

«አይ፣ ሳያርፍ የሚሄድም አለ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አለ! እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ገና ወራት ብቻ የሆናት የባሕር ዳርቻ ወፍ ከአሜሪካዋ አላስካ ተነስታ የአውስትራሊያ ደሴት የሆነችው ታዝማኒያ እስክትደርስ 13,560 ኪሎ ሜትር በረረች። 11 ቀን፣ አንድም ጊዜ ሳታርፍ፣ ሳትበላ። ይቺን ለሠራተኛ መምከሪያ የሚያደርጋት አለቃ ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው ይጀምርልን። የዚች ወፍ ዘሮች ከመነሳታቸው በፊት ሥራቸው መብላት ነው። የሰውነታቸው ክብደት ግማሽ ያህሉ ስብ እስኪሆን ይበላሉ። ከዚያ በበረራው ላይ የማይፈለገው የሆድ ዕቃቸው ይሟሽሻል፣ ሸክም እንዳይሆንባቸው። ያም ሆኖ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ እስኪመጣ ይጠብቃሉ እንጂ ዝም ብለው አይነሱም።

እኛን ሩጡ የሚሉን ሰዎች የትኛውን ስብ አስይዘውን ነው?

አንባቢያችሁ