ሰንጠረዡ ያላየው የቀኝ መስመር ተጫዋች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በስፖርት ገጻችሁ ያወጣችሁትን የስፔን የመስመር ተጫዋቾች ደረጃ ከነሰንጠረዡ አነበብኩት። ያስቆጠሩት ግብና ለግብ ያመቻቹት ኳስ ተደምሮ፣ ለተሰለፉበት ጨዋታ ተካፍሎ፣ ስማቸው ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል። ላሚን ያማል ከአናት ተቀምጧል፤ ይሁን። ኒኮ ዊሊያምስም ፔድሮም ድርሻቸውን አግኝተዋል። ሄሱስ ናቫስን ግን ፈልጌ ያገኘሁት ከግርጌ፣ «ሌሎች» ከሚለው ረድፍ ውስጥ፣ ስሙ እንኳ በትክክል ሳይጻፍ ነው። ስለ እሱ የሰፈረውም አንድ ሐረግ ብቻ ነው፤ «ከቤቱ መራቅ የሚፈራው ተጫዋች»።

በስሌታችሁ ላይ ጠብ የለኝም። ናቫስ ግብ አያበዛም፤ ለብሔራዊ ቡድኑ 56 ጊዜ ተሰልፎ ያስቆጠረው 5 ግብ ነው። ጠቤ ከሚቆጠረው ነገር ጋር ነው። የዚህ ሰው ትልልቅ ሥራዎች አብዛኞቹ በማንም መዝገብ ላይ በስሙ አልሰፈሩም። (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የ2010ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አስታውሱ። ጆሃንስበርግ ላይ ስፔንና ኔዘርላንድስ 0 ለ 0 እንደሆኑ ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ተቃርቧል። በ60ኛው ደቂቃ ፔድሮን ተክቶ የገባው ናቫስ ኳሱን በራሱ የሜዳ ክፍል በቀኝ በኩል አገኘና ሽቅብ ይዞት ሮጠ። ብርቱካናማ ለባሾቹ እየተከታተሉት የመሐል መስመሩን ተሻገረ። ኳሱ ኢኒየስታ ዘንድ ደረሰ፤ ኢኒየስታ በተረከዙ ለፋብሬጋስ፣ ፋብሬጋስ መልሶ ለናቫስ፣ ናቫስ ወደ ግራ ለቶሬስ። ቶሬስ ያሻማውን ኳስ ቫን ደር ቫርት አጥርቶ ማራቅ አልቻለምና ፋብሬጋስ ዘንድ ደረሰ። ፋብሬጋስ ለኢኒየስታ፣ ኢኒየስታ ወደ መረቡ። 116ኛው ደቂቃ ነበር። መዝገቡ ግቡን ለኢኒየስታ፣ ማመቻቸቱን ለፋብሬጋስ ሰጠ። በዚያ ሰዓት፣ ሁሉም እግሩ በከዳበት ጊዜ፣ ቡድኑን ከራሱ ሜዳ አንሥቶ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ያሻገረው ሰው በእናንተ ሰንጠረዥ ዜሮ ነው ያገኘው።

በዚያው ውድድር ከሆንዱራስ ጋር ሲጫወቱ ፍጹም ቅጣት ምት ያስገኘው ናቫስ ነበር፤ የቡድን ጓደኛው ቪያ ሳተው፤ ስለዚህ እሱም ዜሮ። በ2013 የኮንፌዴሬሽኖች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የጣሊያኑ ቦኑቺ ከሳተ በኋላ ጣሊያንን ያሰናበተችውን የመጨረሻዋን መለያ ምት የመታው ናቫስ ነው። መለያ ምት በግብ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ አሁንም ዜሮ። በ2023 ቡዳፔስት ላይ፣ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ ሮማ በዲባላ ግብ ሲመራ የናቫስን ክለብ ሴቪያን አቻ ያደረገው ናቫስ ከቀኝ ያሻማው ኳስ ነው። ኳሱ የሮማው ማንቺኒ ነክቶት ገባ፤ በራስ መረብ ላይ የገባ ግብ ተብሎም ተመዘገበ። ሴቪያ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደ። ናቫስ ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር።

እንዲህ ያለ ተጫዋች ሜዳ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት ዓይንን ከኳሱ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ጫማው የጎን መስመሩን ሊነካ እስኪቃረብ ዳር ይዞ ሲቆም የተጋጣሚው የግራ ተከላካይ ወደ መሐል ገብቶ ጓደኞቹን መርዳት አይችልም። የአሠልጣኝ ዴል ቦስኬ ስፔን ኳሱን በመሐል ሜዳ እየተቀባበለ ራሱን የሚያጨናንቅ ቡድን ነበር፤ ናቫስ ሲገባ ሜዳው ይሰፋል። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም። በዚያው የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታ ከስዊዘርላንድ ጋር ተቀይሮ ገብቶ ደጋግሞ አሻማ፤ አንዱም ፍሬ አላፈራም፤ ስፔንም 1 ለ 0 ተሸነፈች። ማንቸስተር ሲቲ በነበረባቸው አራት ዓመታትም ደጋፊው በሚባክኑት ኳሶች ሲበሳጭ ኖሯል። በኅዳር 2013 ቶተንሃምን 6 ለ 0 ሲያሸንፉ የመጀመሪያውን ግብ ጨዋታው በተጀመረ በ14 ሰከንድ፣ የመጨረሻውንም በባከነው ሰዓት ያስቆጠረው እሱ ነበር። ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ ግን ግብ ራቀው። የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንድ ጊዜ፣ የሊግ ካፕን ሁለት ጊዜ አንሥቶ በ2017 በነጻ ዝውውር ወደ ሴቪያ ተመለሰ።

አሁን ወደዚያች አንድ ሐረግ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝም እሷ ናት።

ናቫስ የተወለደው በ1985 ከሴቪያ ከተማ ብዙም በማትርቀው በሎስ ፓላሲዮስ ነው። ገና 18 ዓመት እንደሞላው በኅዳር 2003 በሴቪያ ክለብ ዋናው ቡድን ተሰለፈ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በስፔን ከሚፈለጉት የመስመር ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ከቤተሰቡ ለቀናት ርቆ ዝግጅት ሲገባ ጭንቀት እየያዘው ካምፑን ጥሎ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ አለ። የብሔራዊ ቡድን በር ፊት ለፊቱ ተከፍቶ ሳለ ለዓመታት መግባት አልቻለም። ይህ ሕክምና የሚያስፈልገው የጭንቀት ሕመም ነው፤ ናቫስም ታክሞበታል። በዚያ ዘመን ጋዜጦች ሲያላግጡበት፣ በእኛም መንደር ኳስ የሚያዩ ሰዎች «የእናቱ ልጅ» እያሉ ሲስቁበት ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ዓመት አልፎ፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ስለ ጭንቀታቸው በአደባባይ በሚናገሩበት ጊዜ፣ የእናንተ ገጽ ያንኑ ፌዝ በጨዋ ቋንቋ መድገሙ ነው ያሳዘነኝ።

ደግሞም ሐሰት ነው። ሴቪያ ልጁን አልገፋውም፤ ታገሠው። በ2006 አይንድሆቨን ላይ፣ በ2007 ግላስጎው ላይ የዩኤፋን ዋንጫ ከክለቡ ጋር አነሣ። በኅዳር 2009 ከአርጀንቲና ጋር በተደረገ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የስፔንን ማልያ ለበሰ። በቀጣዩ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ እስከ ፍጻሜው ሰነበተ። ያ ፍርሃት የነበረበት ሰው ይህን ማድረጉ ከሰንጠረዡ በላይ ዜና አይደለምን? ከዚያም በ27 ዓመቱ ለኑሮ ማንቸስተርን መረጠ። ከቤቱ መራቅ የሚፈራው ሰው ይህ ነው እንግዲህ። በሚቀጥለው እትማችሁ ስሙን አርሙ፤ ሐረጓንም አውጧት። ሌላ ነገር አልጠይቅም።

ሴቪያ ከተመለሰ በኋላ ያለው ዘመን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ፍጥነቱ ሳይከዳው ወደ ኋላ አፈግፍጎ የቀኝ መስመር ተከላካይ ሆነ፤ ለነገሩ አሠልጣኝ ጋርዲዮላም ናቫስ በሲቲ በቆየባቸው የመጨረሻ ወራት በዚያ ቦታ ሞክሮት ነበር። የ16 ቁጥር ማልያም ለበሰ። ቁጥሩ የአንቶኒዮ ፑዌርታ ነው። ፑዌርታ በነሐሴ 2007 ከሄታፌ ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ላይ ወድቆ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በ22 ዓመቱ ያረፈው የናቫስ የወጣትነት ጓደኛ ነበር። በ2020 የዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድን ያስወጣችውን የሴቪያውን የደ ዮንግን ግብ ከቀኝ ያሻማው ናቫስ ነው፤ የዩናይትድ ደጋፊ የሆናችሁ አንባቢዎች እንደማትረሱት አውቃለሁ። ይህቺኛዋስ ተቆጥራለታለች።

በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ የስፔኑ የቀኝ መስመር ተከላካይ ካርቫሃል በቀይ ካርድ ሲቀጣ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ የ38 ዓመቱ ናቫስ ተሰለፈ፤ ፊት ለፊቱ ኪሊያን ምባፔ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈረንሳይ ቀድማ ያስቆጠረችው ምባፔ ከእሱ በኩል ካሻማው ኳስ ነው፤ ጨዋታው ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላም ቢጫ ካርድ አየ። ከዚያ ወዲያ ግን እስኪቀየር ድረስ አልተበገረም፤ ስፔንም 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚያ ምሽት በቀኝ መስመር ከፊቱ ይጫወት የነበረው የእናንተ አንደኛ፣ የ16 ዓመቱ ያማል ነው። ያማል በሐምሌ 2007 ሲወለድ ናቫስ ሁለት የዩኤፋ ዋንጫ ነበረው። የ2010ን የዓለም ዋንጫና የ2024ን የአውሮፓ ዋንጫ በአንድነት የያዘ ተጫዋች ከእሱ በቀር የለም።

ይህን ሁሉ የተጫወተው ዳሌውን እየታመመ ነው፤ ሕመሙ ለዓመታት ሲያሠቃየው መኖሩን በመጨረሻ ራሱ ተናግሯል። በዚያው ዓመት ግንቦት ክለቡ ሊያሰናብተው ነው ተብሎ ደጋፊው ተቆጣ፤ በኋላ ተስማምተው እስከ ታኅሣሥ ቆየ። ለሴቪያ ከ700 በላይ ጨዋታ አድርጎ የክለቡን ክብረ ወሰን ይዟል። በመጨረሻ ጨዋታው፣ ታኅሣሥ 22 ቀን፣ በሳንቲያጎ ቤርናቤዉ ሪያል ማድሪድ ሴቪያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ከጨዋታው በፊት የማድሪድ ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በጭብጨባ አሳለፉት።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ የጽሑፍ ሐሳብ ልጨምር። ሎስ ፓላሲዮስ ናቫስን ብቻ አይደለም ያወጣችው፤ ፋቢያን ሩዊዝም ጋቪም የዚያችው ትንሽ ከተማ ልጆች ናቸው። አንዲት ትንሽ ከተማ ሦስት የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን እንዴት አፈራች? አንድ ሙሉ ገጽ ብትሰጡት በደስታ አነብላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ