ዳማ ተነሳች

ደሴ፣ ኅዳር 2018

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናታችንስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። «አለሁ» ማለቱም ያሳፍራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ቁጥርህ እጄ ላይ እያለ አንድ ቀን ሳልደውል፣ ዛሬ ብድግ ብዬ አለሁ ስልህ ምን እንደምትል አውቃለሁ። «የት አባህ ነበርክ?» ነው የምትለው። ይገባኛል።

ዋናውን ነገር ላስቀድም፤ ዙሪያ ጥምጥም ብሄድ ታውቅብኛለህ። አባትህ፣ ለእኔም አባት የነበሩት አባባ፣ ያረፉ ጊዜ ያልመጣሁት ገንዘብ አጥቼ አይደለም። መንገድ ተዘግቶም አይደለም። ለሰው ሁሉ መንገድ ተዘግቶ ነው ብያለሁ። ውሸት ነው፤ በዚያ ሳምንት አውቶቡስ ይሄድ ነበር። ያልመጣሁት ሞተር ሳይክላቸውን፣ ዳማን፣ ስላበላሸኋት ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አንዱ «ሞተራቸውስ ደህና ናት?» ቢለኝ ምን እላለሁ ብዬ ነው። አሁን ስጽፈው የልጅ ሰበብ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን እግሬን አሰረኝ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ከዚያ ወዲያ መደወሉ ራሱ ሌላ ጥፋት መሰለኝ።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲቃረብ እናንተ አይሱዙው ላይ ስትሳፈሩ አባባ ወደ ጎን ጠሩኝ። አንተ ፍራሽ እየጫንክ ነበር። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ካንዴላዋን፣ እሳት የምትጭርላትን፣ ነቀሉና ኮታቸው ኪስ ከተቱ። «ያለዚህ የትም አትሄድም። አንተ ከዝናብ ብቻ ጠብቅልኝ» አሉኝ። እኔም በሦስተኛው ቀን የወለደችኝን እናቴን ይዤ ወጣሁ። ስንመለስ ግቢው ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም፤ የመጠለያዋ ቆርቆሮ እንኳ ተነቅሏል። ዳማ ግን ቆማለች። እውነታቸውን ነበር፤ ያለ ካንዴላ ማንም ሊወስዳት አልቻለም።

ነገር ግን ካንዴላ የተነቀለበት ቀዳዳ ክፍት ነው። በጨርቅ መወተፍ የእኔ ሥራ ነበር። አላደረግኩትም። ቆርቆሮውንም ቶሎ አላስመታሁም፤ ቤቱ ራሱ መስኮት አልነበረውም። ሁለት ክረምት በዚያች ቀዳዳ ገባ። የደሴን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ። ማስነሻዋን ስረግጠው ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ነበር።

ባለፈው ዓመት ዕቁብ ደረሰኝ፤ 15,000 ብር። እናቴ በግ ግዛ አለች። እኔ ዳማን ልጠግን አልኩ። የሰፈሩ ልጆች ሳቁብኝ። በዚህ ዘመን ለያማሃ ኤጂ 100፣ ለአሮጌ ሞተር ሳይክል፣ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ጤና የለውም አሉ። እውነት ለመናገር ስሌቱ ለእነሱ ነው የሚያደላው። ግን እነሱ ከፊት መጫኛዋ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ሐይቅ አልሄዱም።

መጀመሪያ የተነከሰውን ፒስተን ማላቀቅ ነበረብኝ። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣና የሞተር ዘይት ግማሽ በግማሽ አፍስሼ ተውኳት። በየማታው ከትምህርት ቤት ስመለስ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ የኋላ ጎማዋን ወደፊት ወደኋላ እወዘውዛለሁ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደሞ ምን እየናጥክ ነው?» ትለኛለች። በመዶሻ መምታት ቀላል ነበር፤ ግን የሚሰበረው ነገር ከሚተርፈው ይበልጣል። በአሥራ አንደኛው ቀን «ቀጭ» አለችና የጣት ጥፍር ያህል ተነቃነቀች። ብቻዬን ግቢ ውስጥ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ መጣ።

ጋኗ ሌላ ጉድ ነበር። ውስጧን በባትሪ ሳየው ዝገቱ እንደ ሽሮ ተጋግሯል። አዲስ ጋን የሚታሰብ አይደለም። አምስት ሊትር አቼቶ ገዛሁ፣ የታጠበ ጠጠር ጨመርኩ፣ አፏን ደፍኜ በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልኳትና ለሰፈር ልጆች ሰጠኋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ እየተቀባበሉ ናጧት፤ ደመወዛቸው ከረሜላ። የወጣው ውሃ ቡናማ ሳይሆን ጥቁር ነበር። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥቤ፣ ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ዘይት አዙሬባት አወጣሁ። እዚህ ላይ ማርፈድ የለም። ሻይ ልጠጣ ብለህ ብትቀመጥ ወዲያው መልሳ ትዝጋለች።

ሲሊንደሩ ሲከፈት ግድግዳው ላይ ዝናቡ የቆመበት ቦታ እንደ ቀለበት ታትሟል። ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 52 ሚሊሜትር ነው፤ ቶርኖ ቤት ወስጄ ወደ 52.50 አሰፋሁት። በዚያው ልክ የሆነውን ፒስተን አንድ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጎ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላከልኝ፤ ከነፋሻው፣ ከነቀለበቱ ማለቴ ነው፣ 3,800 ብር። ፒስተኑን ራሴ ነው የገጠምኩት። አናቱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው መዞር አለበት። የፋሻዎቹ ጫፍ ደግሞ ጎድጓዳው ውስጥ ካለችው የመርፌ አናት ከምታህል ሚስማር ጋር መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ ሲሊንደሩን ስትጫን ፋሻው ይሰበራል። አንዷን ሰብሬያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ አንተ ብቻ እወቅ።

ቶርኖው 1,500፣ ጎማዎቹ ሁለቱም ያገለገሉ 4,600፣ ካቴናና ፒኞን (ሰንሰለቱና ጥርሳሙ ብረት) 2,200፣ ኦይል ሲልና ጓርኒሲዮን 900፣ ቀለሙ 1,400። ስትነሳ ከዕቁቡ 600 ብር ተርፎኝ ነበር። ምን ያህል እንደኮራሁ አትጠይቀኝ።

ኩራቴ አንድ ሳምንት ቆየ።

ሞተሯን አብሮኝ ያየ አንድ መካኒክ ነበር። የዘይት ፓምፗን አይቶ «ይሄ ድሮም ችግር ነው፣ ድፈነውና ዘይቱን ቤንዚኑ ላይ ቀላቅል፤ አርፈህ ትተኛለህ» አለኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ደፈነው። እኔም ለአምስት ሊትር ቤንዚን ሩብ ሊትር ዘይት እየቀላቀልኩ መንዳት ጀመርኩ። ቦሩ ሜዳ ትምህርት ቤት ደርሼ ስመለስ ምንም አልሆነችም። እሑድ ኮምቦልቻ ልውረድ አልኩ።

ሐረጎን፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን መንገድ፣ ታውቀዋለህ። ጠዋት ነው፣ ጉሙ ገና አልተነሳም። ቁልቁለቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ለቅቄ፣ በሞተሩ ይዤ እወርዳለሁ። ጥንቃቄ መሆኑ ነው። ግማሽ ላይ ስደርስ ድምጿ ቀጠነ። የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ። ከዚያ የኋላ ጎማዋ ቀጥ ብሎ ያዘና ወደ ገደሉ አፍ ሸርተት አለች። ፍሪሲዮኑን የጨበጥኩት እኔ አልመስልህም፤ እጄ ነው። ጎማው ተለቀቀና መንገዱ ዳር ቆምኩ። ጉልበቴ ስለተንቀጠቀጠ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች በባዶው የሚመጣ አይሱዙ ቆመልኝና ረዳቱ ዳማን አብሮኝ ጫናት። ደሴ እስክንገባ «መምህር፣ በሬም ሲደክም ይታረዳል» እያለ ቀለደብኝ። ብር ስሰጠው ግን አልቀበልም አለ።

ሲሊንደሩ ዳግመኛ ሲከፈት ነው ነገሩ የገባኝ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ጋዙን ስትለቅ ቤንዚኑ በጣም ያንሳል፤ ቤንዚን ካነሰ ዘይቱም አነሰ። አንተ ግን ማርሽ ላይ ነህ፤ ቁልቁለቱ ሞተሩን በግድ ያዞረዋል። ደረቅ ፒስተን በደረቅ ሲሊንደር ውስጥ ማለት ነው። ሌላም አለ። ካርቡሬተሯን ያስተካከልኩት ደሴ ላይ ነው፤ 2,500 ሜትር አካባቢ። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እየወረድክ ስትሄድ አየሩ እየወፈረ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ እሳቱም ይበረታል። ሁለቱ ተጋግዘው ጣሏት።

ያ «ችግር» የተባለው ፓምፕ ለካ ለዚሁ ነው የተሠራው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው ያወጣው፤ አውቶሉብ ይሉታል። የራሱ የዘይት ጋን አለው፤ በሞተሩ ዙር ስለሚሠራ ጋዙን ብትዘጋውም ጥቂት ጥቂት ያንጠባጥባል። ድፍኑን አስነቀልኩ፣ ቱቦውን ቀየርኩ፣ ሲሊንደሩን በእጅ አለስልሼ አዲስ ፋሻ ገባለት። ሌላ 2,100 ብር፣ ከደመወዝ።

ያን ማታ ምን ትዝ አለኝ መሰለህ? አባባ ሐረጎን ሲወርዱ በየኩርባው ፍሪሲዮን ጨብጠው ጋዙን «ጥንን፣ ጥንን» የሚያደርጓት። እኛ ከኋላና ከፊት ተጭነን ለሞገስ ይመስለን ነበር። ሰፈር ገብተን በአፋችን እያስመሰልን ስንሮጥ ትዝ አይልህም? ዘይት እያጠጧት ነበር። እርሻ ቢሮ ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ይነዷት ከነበረች ጊዜ ጀምሮ፣ በጨረታ ገዝተዋትም፣ አንድ ቀን ነክሳባቸው አታውቅም። እኛን ቁጭ አድርገው አላስረዱንም፤ እኛም አልጠየቅን። ስሟም ቢሆን ከቀለሟ የመጣ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ናት የነገረችኝ፣ አባባ ልጅ ሳሉ የአባታቸው ፈረስ ስም ነበር አለችኝ።

አሁን ስለ ገጽታዋ። ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት የፋቅኳት ራሴ ነኝ፤ የጣቶቼ አሻራ ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ ነበር። ስቱኮው ግራ ጎኗ ላይ ትንሽ ያብጣል፤ በቀኝ በኩል ቆመህ እያት። ወንበሯን ቦርሳ የሚሰፋ ሰው በኮምቦልቻ ቆዳ ቁራጭ አለበሰልኝ። ስፖንጁ የእናቴ አሮጌ ፍራሽ ነው፤ ገና አላወቀችም። የፊቱን ፒኞን በአንድ ጥርስ ቀነስኩት። ፍጥነቷ ቀንሷል፣ ዳገት ላይ ግን ፍየል ሆናለች። ልጆቹ ማርሚታዋን ቆርጠህ ጩኸት አውጣላት ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ባለሁለት ምት ሞተር ጉልበቱ ከጭስ ማውጫው ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው፤ ብትቆርጠው ጩኸት ታተርፋለህ እንጂ ጉልበት አታገኝም። በእሳት አቃጥዬ ጥላሸቱን አራገፍኩላትና መልሼ ገጠምኩት።

የፊት መጫኛዋን ግን ልነካው አልቻልኩም። በያጁ «ይሄን ጠማማ ላቅናው ወይስ ልቁረጠው?» ሲለኝ ተወው አልኩት። ሦስት ሆነን ወድቀን ያጎበጥነው ነው። አባባ ያን ቀን መጀመሪያ እኛን ዳሰሱን፣ ከዚያ እሷን አዩ፣ ከዚያ «አብሽሩ፣ ብረት ነው» ብለው ሳቁ።

ሊብሬው ዛሬም በእሳቸው ስም ነው። ወራሹ አንተ ነህ፣ ሞተሯም የአንተ ናት። እኔ ጠባቂ ነኝ፤ ክፉ ጠባቂ ነበርኩ። ለቦሎው መታደስም የአንተ ፊርማ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሁለቱም በኩል መምጣትህ አይቀርም። ለእናታችን የምለውን በደብዳቤ አልጽፍም። ስትፈቅዱልኝ መጥቼ ከእግሯ ስር ተቀምጬ አልቅሼ እነግራታለሁ። ከፈለግክ ተቆጣኝ። ከፈለግክ ደውለህ ስደበኝ። ዝም ብቻ አትበለኝ፤ ዝምታውን እኔ ጨርሼዋለሁ።

ስትመጣ በሶማሌ ተራ እለፍና የፍሪሲዮን ሽቦ ግዛልኝ። ያለው ሁለት ክሩ ተበጥሷል፣ ሐረጎን በእሱ አልወርድም። ደግሞ የአባባ ቡናማ ኮት ካለች ኪሷን ፈትሽልኝ። አሁን የገጠምኩት ካንዴላ አዲስ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአራተኛው ርግጫ ነው የምትነሳው። የእሳቸው በሁለተኛው ነበር።

ወንድምህ