ለቅዳሜው ውይይት፦ የአንበሳና የነብር ግቢ ንድፍ

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ አባላት፣

ከላካችሁልን ንድፎች ብዙዎቹ የግንብ ወይም የፍርስራሽ ከተማ መልክ የለበሱ ናቸው። ያ የሚያስደስተው ጎብኚውን ነው፤ ለአንበሳው ጥቅም የለውም። ተፈጥሮን የመሰለ ሁሉ ይመቸዋል ማለትም አይደለም። ጀርመናዊው የእንስሳት ነጋዴና የእንስሳት መጠበቂያ መሥራች ካርል ሃገንቤክ በ1907 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ላይ የብረት ፍርግርጉን በቦይ ተክቶ ያሳየው ተራራ እንኳ ሰው ሠራሽ ነበር።

የሲሚንቶ ዐለት በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ውስጡ ክፍት ከተተወ አይጥ ይራባበታል። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ስለሚያርፍ ከሁሉ በፊት መኝታውን ሥሩ፦ ከመሬት 60 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ የጣውላ መደብ፣ መንጋው በሙሉ የሚጋደምበት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናትና መደቡ ጣሪያና የንፋስ መከለያ ይኑረው። ለኮምቦልቻ ከሆነ የቀትር ጥላ ይቅደም። መሬቱን በየሜትሩ 2 ሳ.ሜ. አዘንብሉት፣ ከአፈሩ ሥርም ጠጠር አንጥፉ፤ አለዚያ ነሐሴ ላይ ጭቃ ነው።

ነብር ዛፍ ላይ የሚወጣ እንስሳ ነው፤ ቦይ ብቻውን አያግደውም፣ ከላይም ጠንካራ የሽቦ መረብ ያስፈልገዋል። ከፍ ያለ ማረፊያና የተጋደመ የወይራ ግንድ ስጡት። የቆሙ ዛፎችን ግንድ እስከ 2 ሜትር በሽቦ ጠቅልሉ፤ ጥፍሩ ቅርፊቱን ልጦ ያደርቃቸዋል።

የጠባቂው መግቢያ ሁለት በር ይሁን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት። ይህን የማያሳይ ንድፍ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለውይይት አናቀርብም።